በሩን የከፈተው ሰው የት ሄደ?

ሰው ቤት ስንሄድ ደጅ ላይ ቆመን ‹‹ቤቶች!›› እንላለን። ከውስጥ ‹‹ማነው? ይግቡ!›› እስኪባል ድረስ አንገባም። ጣሊያኖችም ለዚህ የሚሆን ቃል አላቸው፤ ‹‹ፐርሜሶ›› ይላሉ። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ‹‹ግባ›› ቢለው እንኳ እንግዳው ደፉን ከመርገጡ በፊት ‹‹ፐርሜሶ›› ማለት አለበት። ‹‹ይፈቀድልኝ›› እንደ ማለት ነው።

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት በሰው ደጅ ቆሞ ‹‹ፐርሜሶ›› ሲል ስለሚውል ወጣት ነው። ወጣቱ ይሄኛው ወይም ያኛው ተብሎ የሚጠራ አይደለም፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ናቸው። ዕድሜው ከእኛ ክፍል ልጆች ዕድሜ እምብዛም አይለይም። በሰሜን ኢጣሊያ ተራሮች ሥር ተመድቦ ሃይማኖቱን የሚሰብክ ሚሲዮናዊ ነው። ‹‹ታዲያ ይሄ ከጋዜጠኝነት ዲፓርትመንት ጋር ምን አገናኘው?›› የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፤ መገናኛው ከታች አለ። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳምንቱ ምን ይመስላል?

በተለምዶ ‹‹ሞርሞን›› የሚባለው፣ ሙሉ ስሙ ግን የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሆነው አሜሪካ የተመሠረተ ሃይማኖት ወጣቶቹን ወደ ዓለም ዙሪያ ይልካል። ወንዶቹ ለ2 ዓመት፣ ሴቶቹ ለ18 ወር ያገለግላሉ። ወንድ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው መሄድ ይችላል። ደመወዝ ብሎ ነገር የለም። እንዲያውም ወጪውን የሚሸፍነው ራሱ ካጠራቀመው ወይም ቤተሰቡ በየወሩ ከሚከፍለው ገንዘብ ነው። የት እንደሚሄድም አይመርጥም፤ ‹‹ኢጣሊያ›› ከተባለ ኢጣሊያ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቋንቋ ያጠናና ከዚያ በኋላ ያልተሟላ ጣሊያንኛውን ይዞ ተራራ ሥር ባለች ከተማ ይገኛል።

በተለመደው ፕሮግራም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል፤ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል። ብቻውን የትም አይሄድም። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ናቸው። ጓደኛውንም የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው፤ ቢስማሙም ባይስማሙም አንድ ቤት ያድራሉ፣ አንድ ድስት ይበላሉ። ጠዋት ያነባሉ፣ ቋንቋ ያጠናሉ። ከዚያ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ የስም ምልክት ለጥፈው ይወጣሉ። በር ያንኳኳሉ፣ መንገደኛ ያናግራሉ፣ እንግሊዝኛ መማር ለሚፈልግ ሰው በነፃ ያስተምራሉ፣ አሮጊት ካገኙ እንጨት ተሸክመው ያስገባሉ። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ከተማው ምሳውን በልቶ እስኪነሳ ድረስ በር ማንኳኳት ነውር ነው። ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጀመራል። አብዛኛው በር አይከፈትም። የተከፈተው ደግሞ ‹‹እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ አመሰግናለሁ›› ብሎ መልሶ ይዘጋል።

እሑድ የአምልኮ ቀን ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት የምግብ ሰዓት ዘለው ይጾማሉ፤ ለምግቡ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለችግረኛ ይሰጣል። ጾም ለለመደው ለአገራችን ሰው ይሄ ብዙ ላይመስለው ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው። ሰኞ ደግሞ በአብዛኛው ‹‹የዝግጅት ቀን›› ነው። ልብስ ይታጠባል፣ አስቤዛ ይገዛል፣ ቤት ይጠረጋል። በዚያው ቀን ለቤተሰብ ደብዳቤ ይጻፋል። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ እነዚህ ልጆች ቤተሰባቸውን በስልክ ማነጋገር የሚችሉት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው በየሳምንቱ እንዲደውሉ የተፈቀደው። ስለዚህ ለብዙ ዘመን እናት የልጇን ሁኔታ የምታውቀው በሳምንታዊዋ ደብዳቤ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሰዎች ቡና አይጠጡም፤ ሃይማኖታቸው ይከለክላቸዋል። አስቡት እንግዲህ! ኢጣሊያ ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ ቡና እምቢ ማለት! እኛ አገር ቢሆን ባለቤቷ ‹‹ምን አድርጌው ነው?›› ብላ ስታሰላስል ታድራለች። ጣሊያኖች ግን ከተቆላ ገብስ የሚፈላ ‹‹ኦርዞ›› የሚሉት መጠጥ አላቸው። ብልኁ ሚሲዮናዊ ‹‹ቡና አልጠጣም፤ ኦርዞ ካለ ግን ደስ ይለኛል›› ይልና ይቀመጣል። የገብሱን ቡና ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ተራራውስ የማን ነው?

ከቶሪኖ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የፈረንሳይ ድንበር አጠገብ፣ ቶሬ ፔሊቼ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዋልዴንሳውያን ከተማ ናት። ዋልዴንሳውያን የሚባሉት ዋልዶ የተባለ የሊዮን ነጋዴ በ12ኛው መቶ ዘመን ሀብቱን ትቶ ድኽነትን ሲሰብክ የተከተሉት ሰዎች ተተኪዎች ናቸው። በ1184 ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተወገዙ። በ1532 ከፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ ጋር አንድ ሆኑ። በ1655 ተጨፈጨፉ፣ በኋላም ከምድራቸው ተባረሩ፤ በ1689 በእግራቸው ተራራ አቋርጠው ተመለሱ። የዜግነት መብት ያገኙት የካቲት 17 ቀን 1848 ነው። እስከ ዛሬም በዋዜማው ምሽት በየሸለቆው እሳት ያነድዳሉ። ነገሩ የእኛን ደመራ ያስታውሳል።

እነዚህ ሰዎች በስደቱ ዘመን የራሳቸው ተጓዥ ሰባኪዎች ነበሯቸው። ‹‹ባርባ›› ይሏቸዋል፤ በአካባቢው ቋንቋ ‹‹አጎት›› ማለት ነው። ባርባዎቹ የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነበር፤ አንዱ በዕድሜ የበሰለ፣ አንዱ ወጣት። እንዳይያዙ ነጋዴ መስለው ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። እንግዲህ ሁለት ሆኖ በር ማንኳኳት ለዚያ ተራራ አዲስ ነገር አይደለም። የተራራው ሰው ራሱ ሲያንኳኳ የኖረ ነው።

የሞርሞን ሚሲዮናውያንም ኢጣሊያ ሲገቡ መጀመሪያ የመጡት ወደዚሁ ሸለቆ ነው። ዓመቱ 1850 ነበር። መሪያቸው ሎሬንዞ ስኖው ይባላል፤ ኋላ የሃይማኖቱ ጠቅላላ መሪ የሆነው ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባዶ ነበሩ ማለት ይቻላል። ባረፉበት ቤት አንድ የ3 ዓመት ልጅ ታሞ ለሞት ደረሰ፤ ስኖው ወደ ተራራ ወጥቶ ጾመ፣ ጸለየ፤ ልጁ ተሻለው። ይህን ሁሉ የምናውቀው እሱ ራሱ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው። ደብዳቤዎቹ በ1851 ለንደን ውስጥ ‹‹የኢጣሊያ ሚሲዮን›› በሚል ርዕስ ታትመዋል። ጥቂት ቤተሰቦች ተጠመቁ፤ ከነሱም የተወሰኑት አገራቸውን ለቀው እስከ ዩታ ድረስ ተጓዙ። ከዚያ ሚሲዮኑ ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በ1966 ነው።

ደብዳቤው ምን ያስቀራል?

አሁን ወደ ነጥቤ ልግባ። የሚሲዮናዊ ሳምንት ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያፈራል። አንደኛው ለአለቃ የሚላክ ቁጥር ነው፤ ስንት ሰው ተማረ፣ ስንት ሰው ጉባኤ መጣ። ሁለተኛው ለእናት የሚላክ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ደስ ይላል። በረዶ አለበት፣ የተቃጠለ መኮሮኒ አለበት፣ ‹‹ዛሬ አንዲት ደግ አሮጊት አገኘን›› የሚል አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አሮጊቷ ደብዳቤው ውስጥ የምትገባው በሩን እስክትከፍት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የልጁ ይሆናል። እሱ ምን እንደ ተሰማው፣ እሱ ምን እንደ ተማረ፣ እምነቱ እንዴት እንደ ጠነከረ። እሷ ‹‹ደግ›› ሆና ትቀራለች።

ለመሆኑ ከበሩ ጀርባ ያለው ማነው? የእነዚያ ተራሮች ታሪክ የመራቆት ታሪክ ነው። ወጣቱ ወደ ቶሪኖ ወርዶ ፊያት ፋብሪካ ገባ፤ ሌላው ቪላር ፔሮሳ የኩሽኔታ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ሌላው ፈረንሳይ ተሻገረ። የድንጋይ ጣሪያ ያለው ቤት፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ማገዶና የደረት ነት ዛፉ ለአዛውንቶች ቀረ። እንግዲህ ሚሲዮናዊው የሚያንኳኳው ልጆቿ የሄዱባትን ሴት በር ነው። እሱም እናቱን ትቶ የመጣ ልጅ ነው። ሁለቱ ቢቀመጡ የሚያወሩት አያጡም ነበር።

እንዲህ ያለውን ወሬ ቁጭ ብሎ የሰማ አንድ ጣሊያናዊ አለ። ኑቶ ሬቬሊ ይባላል፤ የኩኔዎ ሰው ነው፤ ኩኔዎ ደግሞ ለነዚሁ ሸለቆዎች ጎረቤት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራራ ጦር መኮንን ሆኖ ሩሲያ ዘምቷል፤ ሲመለስ ፋሺስቶችንና ጀርመኖችን የሚወጋ አርበኛ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ቴፕ ሪከርደር ይዞ ለዓመታት የተራራ ገበሬዎችን ቤት ዞረ። እሱም በር አንኳኳ ማለት ነው። በ1977 ባወጣው ‹‹የተሸናፊዎቹ ዓለም›› መጽሐፍ ውስጥ ግን በብዛት የሚናገሩት ገበሬዎቹ ናቸው። በ1985 ደግሞ የሴቶቹን ቃል ለብቻ አሳተመ። ማንኳኳቱ አንድ ነው፤ ይዞ የወጣው ግን ይለያል።

እኛም ደጅ ከፋች ነበርን

‹‹የጣሊያን አሮጊት ጉዳይ ምን አሳሰበህ?›› ብትሉኝ መልስ አለኝ። እኛ ራሳችን የሰው ደብዳቤ ውስጥ ኖረናል። ከዚያው ከፒየሞንቴ ምድር ጉልዬልሞ ማሳያ የሚባል ካፑቺን መነኩሴ ተነስቶ በ1846 ወደ እኛ መጣ። አቡነ ማስያስ ብለን የምንጠራቸው ናቸው። በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እስኪወጡ ድረስ ብዙ ተንከራትተዋል። ኦሮምኛና አማርኛ ተምረው በ1867 ፓሪስ ላይ የሁለቱን ቋንቋዎች ሰዋስው አሳትመዋል። ፈንጣጣ ሲከትቡ ስለ ኖሩ ሕዝቡ ‹‹አባ ፈንጣጣ›› ብሏቸዋል። በመጨረሻም ትዝታቸውን 12 ቅጽ አድርገው ጻፉ። የዛሬ የታሪክ ተማሪ ያን ዘመን ለማወቅ እሳቸውን ይጠቅሳል፤ ውለታቸው ቀላል አይደለም።

ግን እስቲ አስቡት። ክንዱን ለክትባት የዘረጋው ገበሬ፣ ማደሪያ የሰጠችው ባልቴት፣ ቋንቋውን ቃል በቃል ያስተማራቸው ሰው፣ እነሱስ ስለ አባ ፈንጣጣ ምን አሉ? ማታ እሳት ዳር ስለ እንግዳው ምን አወሩ? 12 ቅጽ ከእንግዳው አለን፤ ከባለቤቶቹ ግን የቀረልን ያወጡላቸው ስም ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

የእኔ ጥፋት

ሰው ላይ ጣት ከመቀሰሬ በፊት ራሴን ልናገር። ባለፈው ዓመት ለፊቸር አሳይንመንት ለብዙ ዘመን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ሲያወርዱ የኖሩ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር፤ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ። ጥያቄዎቼን ደብተሬ ላይ ቁጥር ሰጥቼ ጽፌያለሁ። ታሪኩንም በልቤ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ‹‹ጀርባዋ የጎበጠ ጀግና›› የሚል። እሳቸው ከሰል ላይ ጀበና ጥደው ነበር። ‹‹ና ልጄ፣ አረፍ በል፤ ቡናው ሊደርስ ነው›› አሉኝ። እኔ ደግሞ ‹‹አይ እማማ፣ እቸኩላለሁ›› አልኳቸው። ቆሜ ስምንቱን ጥያቄ ጠየቅኩ፣ መልሱን ጻፍኩ፣ ወጣሁ። ልወጣ ስል ‹‹ይሄ የምትጽፈው ለማን ነው የሚነበበው?›› አሉኝ። ‹‹ለትምህርት ነው›› ብዬ ሄድኩ።

ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። ጽሑፉ ክፍል ውስጥ ሲነበብ ከንፈር የመጠጠ ሁሉ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ አንዲት የክፍላችን ልጅ ‹‹ሴትዮዋ ማን ይባላሉ?›› ስትለኝ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። እንዴ! ስማቸውን አልጠየቅኩም። ከስምንቱ ጥያቄ አንዱ እንኳ ስም አልነበረም። ጽሑፉ ላይ ‹‹አንዲት እናት›› ብዬ አልፌያለሁ። የሚሲዮናዊው ደብዳቤ ውስጥ ያለችው ‹‹ደግ አሮጊት›› ማለት ናት፤ የእኔዋ ‹‹አንዲት እናት››።

አሁን ወደ ገብስ ቡናው ልመለስ። ሚሲዮናዊው ቡና መጠጣት ተከልክሎ ሳለ መቀመጫ ፈለገ፤ ኦርዞ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ግን ቡና የማንም ክልክል ሳይኖርብኝ፣ የተፈላልኝን ጥዬ ወጣሁ። ከሁለታችን እንግድነት የሚያውቀው ማነው? በእኔ እይታ እሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

‹‹ሚሲዮናዊ ሌላ፣ ጋዜጠኛ ሌላ›› የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። ሚሲዮናዊው ሊያሳምን ነው የሚሄደው፤ ጋዜጠኛ ሊሰማ ነው የሚሄደው፤ ቢያንስ መጽሐፋችን እንደዚያ ይላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ስንቶቻችን ነን ለመስማት የምንሄደው? መደምደሚያችንን ቀድመን ይዘን ማስረጃ ልንለቅም አይደል የምንሄደው? ሚሲዮናዊውስ ቢያንስ ምን ይዞ እንደመጣ ደረቱ ላይ ለጥፎ ያሳያል። እኛ ደብተራችን ውስጥ ደብቀን ነው የምንገባው።

‹‹የሰው እምነት ለማስለወጥ በር ማንኳኳት ራሱ ድፍረት ነው›› የሚልም ይኖራል። ይህን ቅሬታ በቀላሉ አላየውም። ልጆቿ የሄዱባት ብቸኛ ሴት ለሚያጫውታት ሰው ስትል ብቻ ‹‹እሺ›› ልትል ትችላለች፤ ያ እምነት ሳይሆን ናፍቆት ነው። ቢሆንም መፍትሔው ማንኳኳትን መከልከል አይመስለኝም። ያ ሸለቆ ሰባኪ የሚታደንበትን ዘመን አይቷል፤ እስከ ዛሬም መብቱን ያገኘበትን ቀን በእሳት የሚያስበው ለዚያ ነው። የማንኳኳትም፣ በሩን የመዝጋትም መብት ይኑር። እኔ የምለው ግን የሚያንኳኳ ሰው ለከፈተለት ሰው ዕዳ አለበት ነው። ዕዳው ስሙን መጠየቅ፣ መቀመጥ፣ ጥያቄውን መስማት ነው።

ከሚሲዮናዊው ሳምንት ልንቀስመው የሚገባ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ቋንቋ ሳይማር አይሄድም። ሃምሳ በር ተዘግቶበት ሃምሳ አንደኛውን ያንኳኳል፤ እኛ አንድ ባለሥልጣን ስልክ ባያነሳልን አሳይንመንቱን እንቀይራለን። አንድ ቦታ ለወራት ይኖራል፤ እኛ አንድ ከሰዓት በኋላ እንሄዳለን። በየሳምንቱ ይጽፋል፤ እኛ የምንጽፈው የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ነው።

ለዲፓርትመንታችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ። ፊቸርም ሆነ ኢንተርቪው ስናስረክብ መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ይጨመርልን። አንደኛ፣ ‹‹ያነጋገርከው ሰው አንተን ምን ጠየቀህ?›› ሁለተኛ፣ ‹‹ጽሑፉን መልሰህ አነበብክለት ወይ?›› ማርክ ይሰጠው አይሰጠው መምህሮቻችን ይወስኑ። ጥያቄው ወረቀቱ ላይ መኖሩ ብቻ ግን ብዙዎቻችንን ያስቀምጠናል።

እኔስ? ባለፈው ቅዳሜ ጽሑፌን ይዤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ወጣሁ። ላነብላቸው፣ ቡናውንም ልጠጣ። ሰፈሩን አገኘሁት፤ ቤቱን ግን መለየት አቃተኝ። አንድ ሱቅ ያለ ልጅ ‹‹ማንን ነው የምትፈልገው?›› አለኝ። ምን ልበለው? ‹‹እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናት›› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹‹እዚህ ሰፈር ያልተሸከመ አለ እንዴ?›› አለ። ሁለት ሦስት ደጅ ላይ ቆሜ ‹‹ቤቶች!›› አልኩ። የሚያውቀኝም የማውቀውም አልወጣም።

የፊታችን ቅዳሜ እንደገና እሄዳለሁ። ጥያቄ የተጻፈበት ደብተር ግን አልይዝም። ቸር ያገናኘን!